በ40 ሳንቲ ሜትር ጠመኔ፦ የአትላንቲኩን የባሪያ ንግድ ለልጆች ማስተማር

የማስተምረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ኮንዶሚኒየሙ አልቆ የጤፍ ማሳው ከሚጀምርበት ጠርዝ ላይ። ክፍሌ ውስጥ 58 ተማሪ አለ። ፕሮጀክተር የለንም። መብራት አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም። ያለኝ ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔ እና ግንበኛው ጎረቤቴ የሚያውሰኝ የአምስት ሜትር መለኪያ ነው።

ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። የአትላንቲኩን የባሪያ ንግድ በቅጡ ማስተማር የጀመርኩት ግን ከአምስት ዓመት ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ዓመተ ምሕረቶቹን ሰሌዳ ላይ እደረድራለሁ፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ይፈተናሉ፣ ይረሳሉ። ሰሞኑን አንዲት አዲስ የተመደበች አስተማሪ «አራት ክፍለ ጊዜ ነው ያለኝ፤ ምኑን ይዤ ምኑን ልተው?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው፤ እንደሷ ግራ ለተጋባችሁም ጭምር። ወላጅ ከሆናችሁም ቤት ውስጥ፣ ሳሎን ወለል ላይ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የአትላንቲኩን ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ልጆቹ ከእኛው ጋር እያምታቱ ይቸገራሉና ሰሌዳው ጥግ ላይ «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ጽፋችሁ አራቱንም ቀን አታጥፉት።

ከሁሉ በፊት ቃሉ

ከአምስት ዓመት በፊት ምዕራፉን ልጀምር «የባሪያ ንግድ» ብዬ ርዕሱን ጻፍኩ። ከኋላ አንድ ልጅ ወደ ጎኑ ዞሮ «ያንተ ምዕራፍ መጣልህ» አለው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የተባለው ልጅ ጠቆር ያለ ነው። እናቱ ሰፈሩ ውስጥ የኮንስትራክሽን ቀን ሠራተኛ ናት። እኔ «ዝም በሉ!» አልኩና መጻፌን ቀጠልኩ። በማግስቱ ልጁ አልመጣም። በሦስተኛው ቀንም አልመጣም። በአራተኛው ቀን ሲመጣ ፊት ያለውን ቦታውን ትቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ዓመቱን ሙሉ ከዚያ አልተነሳም። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ግን ዘግይቼ ነው የጠየቅኩት።

ስለዚህ አሁን የመጀመሪያውን 15 ደቂቃ ለቃሉ እሰጣለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ይህ ቃል በእኛ ቋንቋ ስድብ ነው። ልጆቹ ከቤትም ከሰፈርም ሰምተውታል። አትደብቁት። «ይህን ቃል ስትሰሙ ምን ይመጣባችኋል?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ወረቀት ላይ፣ ስም ሳይጽፉ ይስጧችሁ። ጮክ ብላችሁ አታንብቡት፤ ለራሳችሁ ብቻ ይሁን። ክፍላችሁ ውስጥ ማን እየተጎዳ እንዳለ ያን ቀን ታውቃላችሁ።

ከዚያ አነጋገሩን አስተካክሉ። «ባሪያዎች ከአፍሪካ ተጫኑ» አትበሉ። ከአፍሪካ የተጫነው ገበሬ ነው፣ አንጥረኛ ነው፣ ሸማኔ ነው፣ አራስ ናት፣ ቁርዓን የቀራ ልጅ ነው። ባሪያ ያደረጓቸው ሌሎች ናቸው። እኔ «በባርነት የተያዙ ሰዎች» ወይም «የተሸጡ ሰዎች» እላለሁ። የሚያድነውንና የሚሸጠውን ለመጥራት ደግሞ አማርኛችን የራሱ ቃል አለው፤ «ባሪያ ፈንጋይ» ነው። ቃሉ ወንጀሉን ከነባለቤቱ ይጠራል። ተጠቀሙበት።

ስኳርና ቡና ይዛችሁ ግቡ

በመጀመሪያው ቀን በተረፈው ጊዜ እፍኝ ቡናና እፍኝ ስኳር በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። «ቡና የማን ነው?» በሉ። 58ቱም «የኛ!» ይላሉ። ልክ ናቸው። እንግዲህ መንገዱን አሳዩአቸው። ከኛ ደኖች ወደ የመን ተሻገረ። ደቾች ወስደው ጃቫ ላይ ተከሉት። በ1714 አንድ ችግኝ ከአምስተርዳም ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ተሰጠ። በ1720ዎቹ ካሪቢያን ውስጥ ማርቲኒክ ደረሰ። ከዚያ ሳን ዶሚንግ፣ የዛሬዋ ሃይቲ። በ1780ዎቹ መጨረሻ ያቺ ትንሽ ቅኝ ግዛት የዓለምን ቡና ግማሽ ያህል ታመርት ነበር። የሚለቅሙት ደግሞ ከአፍሪካ ተሽጠው የመጡ ሰዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ዝም በሉ። ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል። አንዷ ተማሪዬ «ቡናው ከኛ፣ ሰዎቹ ከኛ፣ ሲኒው ግን የነሱ» ብላ ነበር።

ስኳሩ ምክንያቱን ያስረዳል። ሸንኮራ አገዳ ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ካልተጨመቀ ይበላሻል። ስለዚህ በአጨዳ ወቅት ወፍጮው ሌሊትም አይቆምም። ፖርቹጋሎች በብራዚል፣ እንግሊዞች በባርቤዶስ ይህን ሥራ ለማሠራት ሰው ፈለጉ። የአገሬው ተወላጅ በበሽታና በግፍ አልቋል። አፍሪካን አዩ። ምክንያቱ ይኸው ነው። ከዚህ የበለጠ ጊዜ አትስጡት። ወንጂን ያየ ልጅ ካለ አገዳው እንዴት እንደሚቆረጥና እንደሚጫን እሱ ይንገራችሁ። ከመጽሐፉ የተሻለ ያስረዳል።

ጠመኔው

ሁለተኛው ቀን የምዕራፉ ልብ ነው። አርባውን ደቂቃ በሙሉ ስጡት። ወንበሮቹን ግድግዳ አስጠጉ፤ ወለሉ ባዶ ይሁን።

በ1788 የባሪያ ንግድን የሚቃወሙ እንግሊዛውያን የአንዲት የሊቨርፑል መርከብ ንድፍ አሳተሙ። መርከቧ ብሩክስ ትባላለች። ንድፉ ላይ 454 ሰው እንደ ክብሪት እንጨት ተደርድሮ ይታያል። ለአንድ ወንድ የተያዘለት ቦታ ቁመቱ 183 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር ነው። 454 ደግሞ በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ የፈቀደላት ነው። ከሕጉ በፊት ይህችው መርከብ በአንድ ጉዞ 609 ሰው ጭናለች።

ይህን ከተናገራችሁ በኋላ መለኪያውን ለልጆቹ ስጡ። እናንተ አትለኩ። ሁለት ልጅ መለኪያውን ይወጥራል፣ አንድ ልጅ በጠመኔ ያሰምራል። 183 በ40፣ አጠገቡ ሌላ 183 በ40። አራት ሜትር ውስጥ አስር ሰው። በሁለቱ መሐል ክፍተት የለም፤ የአንዱ መስመር የሌላውም መስመር ነው። ደብተር ይዘው ይለኩ። ሁለት ደብተር ተኩል ጎን ለጎን፤ የአንድ ሰው ወርድ ያ ነው። የኔ ክፍል 7 በ8 ሜትር ነው። አራት ረድፍ፣ በየረድፉ 17 ሰው፤ 68 ይገባል። 58 ተማሪዎቼ፣ እኔ፣ ከዚያ ሌላ ዘጠኝ ሰው። ለመራመጃ የሚተርፍ ቦታ የለም።

አሁን አደራ የምለው ነገር አለ። ልጆቹን መስመሩ ውስጥ አታስተኙ። በገመድ አትሰሯቸው፤ ጨረታም አታምጡ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት አምስት ወንዶች ልጆችን አስተኝቼ ነበር። ይሳሳቁ ጀመር፤ አንዱ ሌላውን በክርኑ ጎሸመው፤ ጨዋታ ሆነ። አንዲት ልጅ ደግሞ ጥግ ላይ ቆማ ስታለቅስ አየኋት። ሁለቱም የኔ ጥፋት ነው። የሰው መከራ ድራማ ሆኖ ሲሠራ ወይ ያስቃል ወይ ያቆስላል። ባዶው መስመር ይበቃል። ልጆቹ በዙሪያው ቆመው ይዩት። መስመሩን ላለመርገጥ እግራቸውን ሲያነሱ ታያላችሁ። ማንም አላዘዛቸውም።

ከቦታው ቀጥሎ ጊዜው ነው። ጉዞው ብዙ ጊዜ ከስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ይወስድ ነበር። ይህን እንዲሁ ከተናገራችሁት ያልፋል። እኔ «ዐቢይ ጾም ስንት ቀን ነው?» እላለሁ። 55። «ሁለት ወር ለመሙላት ትንሽ ይቀረዋል። ከዘወረደ እስከ ፋሲካ እዚህ 40 ሳንቲ ሜትር ውስጥ።» ሙስሊም ተማሪዎቼ ወዲያው በረመዳን ያሰሉታል፤ ሁለት ረመዳን ሊሞላ ምንም አልቀረው።

ይህን ጊዜ አንድ ልጅ የግድ ይጠይቃል። «ቲቸር፣ ሽንት ቤትስ?» አትቆጡት። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ትልቁ ነው። ባልዲ ነበር፤ ወንዶቹ ግን ሁለት ሁለት ሆነው እግራቸው ታስሯል፤ ባልዲው ጋ መድረስ አይችሉም። ብዙውን ሰው የገደለው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ነው። አሌክሳንደር ፋልከንብሪጅ የሚባል በነዚህ መርከቦች የሠራ እንግሊዛዊ ሐኪም ወለሉ ከደሙና ከቆሻሻው ብዛት ቄራ እንደሚመስል ጽፏል። ለ14 ዓመት ልጅ እዚህ ድረስ በቂ ነው። ሴቶቹ ላይ የደረሰውን በአንድ ዓረፍተ ነገር እናገራለሁ፤ መርከበኞቹ ይደፍሯቸው ነበር። አልዘረዝረውም። ግን አልዘለውም።

ደወሉ ከመደወሉ በፊት አስር ደቂቃ ለእምቢተኝነቱ አስቀሩ። ልጆቹ ተኝቶ የሚጠብቅ ሰው ብቻ አይተው መውጣት የለባቸውም። ከአስር ጉዞ በአንዱ ገደማ አመፅ ተነስቷል። ሰው ባሕር ውስጥ እንዳይዘል በመርከቦቹ ዙሪያ መረብ ይወጠር ነበር። መረብ ያስፈለገው የሚዘል ስለነበረ ነው። በ1839 አሚስታድ የተባለችውን መርከብ ሴንግቤ ፒዬ የተባለ የሴራሊዮን ሰው ጓደኞቹን አስነስቶ ያዛት። አሜሪካ ደርሰው ታሰሩ። በ1841 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነፃ ናችሁ አላቸው። በሕይወት የተረፉት 35ቱ በ1842 አገራቸው ገቡ። የኔ ተማሪዎች ይህን ስም ከአራቱ ቀን ሁሉ አብልጠው ነው የሚያስታውሱት።

መስመሩን ማን ያጥፋው? እኔ አላጠፋም። የሚፈልግ ልጅ ሲወጣ የራሱን ያጥፋ እላለሁ። ብዙዎቹ ሳያጠፉት ይወጣሉ። በማግስቱ የጽዳት ሠራተኛዋ «ይሄ ምንድነው ልጄ?» ብላ ጠየቀችኝና ነገርኳት። መጥረጊያዋን አስቀምጣ ለትንሽ ጊዜ አየችው።

ቁጥሩን ወደ ክፍሉ አምጡት

ሦስተኛው ቀን ለቁጥሩ ነው። ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እስከ 1860ዎቹ ድረስ 12.5 ሚሊዮን ያህል ሰው መርከብ ላይ ተጫነ። በሕይወት የደረሰው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሚሊዮን ለልጅ ምንም አይልም፤ ለኔም ብዙ አይልም። ስለዚህ እንካፈላለን። 12.5 ሚሊዮን ለ58 ሲካፈል እንደኛ ያለ ክፍል ከ215 ሺህ በላይ ነው። ከሰባቱ አንዱ ያህል መንገድ ላይ ሞቷል። ከኛ ክፍል ስምንት ሰው ማለት ነው። ስምንቱን ልጆች እየነጠላችሁ አታስነሱ፤ ቁጥሩን ብቻ ተናገሩ። ልጆቹ ዞር ዞር እያሉ ራሳቸው ይቆጥራሉ።

የቀሩት 50ዎቹ የት ደረሱ? ሁሉም «አሜሪካ!» ይላል፤ ከፊልም ያውቁታላ። ከ50ው 23 ያህሉ ብራዚል ነው የወረዱት። ዛሬ አሜሪካ በምንላት አገር የወረዱት ሁለት ሰው እንኳ አይሞሉም፤ በጠቅላላው 390 ሺህ ገደማ ናቸው። የቀረው በአብዛኛው ካሪቢያን ነው። ካርታ ከሌላችሁ ሰሌዳው ላይ ሳሉ። የኔ ብራዚል ድንች ነው የሚመስለው፤ ይሠራል።

«ቲቸር፣ አፍሪካውያን ራሳቸው አይደሉ የሸጧቸው?» ይህ ጥያቄም አይቀርም። አዎ፣ የሸጡ ነገሥታትና ነጋዴዎች ነበሩ። በዛሬዋ ቤኒን የነበሩት የዳሆሜ ነገሥታት በጦርነት የማረኩትን በዊዳ ወደብ ሸጠዋል። ጠመንጃ፣ ጨርቅና መጠጥ ይቀበሉ ነበር፤ ጠመንጃው ደግሞ ተጨማሪ ምርኮኛ ያመጣል። አትሸፋፍኑት። ከዚያ ግን ስለ ቀዳማዊ አፎንሶ ንገሯቸው። የኮንጎ ንጉሥ ነው፣ ክርስቲያን ነው፣ የኛው የአፄ ልብነ ድንግል ዘመነኛ። ልብነ ድንግል በ1520ዎቹ ለፖርቹጋል ንጉሥ የወዳጅነት ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። አፎንሶም በ1526 ለዚያው ለንጉሥ ዮሐንስ 3ኛ ጻፈ። እሱ የጻፈው ነጋዴዎቻችሁ ሕዝቤን፣ የመኳንንቱን ልጆችና ዘመዶቼን ሳይቀር እየጠለፉ ነው፣ አገሬ ባዶ እየሆነች ነው ብሎ ነው። ለአንድ ንጉሥ የተጻፉ፣ ከሁለት የአፍሪካ ክርስቲያን ነገሥታት የተላኩ ደብዳቤዎች። ልጆቹ የኛን ያውቁታል። የሱን አጠገቡ ስታስቀምጡት ዓይናቸው ይከፈታል። ያም ሆኖ ኮንጎ ራሱ ከዚህ ንግድ አልወጣም። ይህንንም ጨምሩበት።

ገንዘቡን ማን ወሰደ?

አራተኛውን ቀን መጽሐፉ በአንድ መስመር ነው የሚዘጋው፤ እንግሊዝ በ1807 ንግዱን፣ በ1833 ባርነቱን ከለከለች። ልጆቹም «ተመስገን፣ አለቀ» ይላሉ። እዚያ ላይ አትልቀቋቸው። «ሲቀር ካሳ ለማን ተከፈለ?» በሉ። እጅ የሚያወጣው ሁሉ «ለተሸጡት» ይላል። የእንግሊዝ መንግሥት 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ የከፈለው ለባለቤቶቹ ነው፤ «ንብረታቸውን» ስላጡ። ለተሸጡት ሰዎች አንድ ሳንቲም አልተሰጠም። ለዚያ የተበደሩት ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። እኔ ይህን ስናገር ሁልጊዜ ድምፄ ይለወጣል። ልጆቹም ያውቁብኛል።

ሃይቲ ደግሞ አለች። በ1791 በባርነት የተያዙት ተነሱ። የናፖሊዮንን ጦር አሸነፉና በጥር 1804 ነፃ አገር ሆኑ። አድዋን ለሚያውቅ ልጅ ይህን ማስረዳት አይከብድም። የሚከብደው የቀጠለው ነው። በ1825 ፈረንሳይ የጦር መርከብ ልካ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ክፈሉ አለች፤ ለቀድሞዎቹ ባለቤቶች ካሳ። በ1838 ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ አለ። ሃይቲ ለዚህ የተበደረችው ዕዳ እስከ 1947 ድረስ ሲጎትታት ኖረ። ያሸነፈው ለተሸነፈው ካሳ ከፈለ። ልጆቹን «ምኒልክ ከአድዋ በኋላ ለጣልያን ካሳ ክፈል ቢባሉስ?» በሏቸው። ክፍሉ ይንጫጫል። ይንጫጫ፣ ተዉት።

ጊዜ ከተረፋችሁ ዞንግ የምትባለውን መርከብ ጨምሩ። በ1781 መርከበኞቹ ከ130 በላይ ሰው በሕይወት ባሕር ውስጥ ወረወሩ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት የቀረበው ግን በነፍስ ግድያ አይደለም፤ ኢንሹራንሱ ይክፈል አይክፈል ተብሎ ነው። ወሬውን ለንግዱ ተቃዋሚዎች ያደረሰው ኦላውዳ ኢኩያኖ ነው። እሱም ራሱ በልጅነቱ የተሸጠ፣ ነፃነቱን በ40 ፓውንድ የገዛ ሰው ነው።

ዛሬም የቀረውን ለማሳየት ሩቅ አትሂዱ። የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት እዚሁ ከተማችን ነው። የ2025ን የዓመቱ መሪ ሐሳብ ለአፍሪካውያንና ለትውልደ አፍሪካውያን ካሳና ፍትሕ አድርጎት ነበር። ሻሸመኔም ቅርብ ናት። አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 የሰጡት መሬት ላይ ከጃማይካና ከሌሎች ደሴቶች የመጡ ሰዎች ሰፈሩ። ቅድመ አያቶቻቸው በነዚያ መርከቦች የተጫኑ ሰዎች ናቸው። ሻሸመኔ ዘመድ ያለው ልጅ አይጠፋም።

«እኛስ?»

በየዓመቱ አንድ ልጅ ይጠይቃል። «ቲቸር፣ እኛ ጋስ ነበር?»

የኛ ሰዎች የተሸጡት በአብዛኛው በቀይ ባሕር በኩል ነው፤ የአትላንቲኩ መርከብ እኛ ጋ አልደረሰም። በአገር ውስጥ ግን የሰው ገበያ ነበረን፣ ፈንጋይም ነበረን። የኛ መሳፍንትም፣ ነጋዴውም፣ ተራው ባላገርም ቤት ውስጥ በባርነት የተያዘ ሰው ነበር። አገራችን ባርነትን ለይታ በአዋጅ የሻረችው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ይህኛው በኛ አቆጣጠር። ከልጆቹ ቅድመ አያቶች ብዙዎቹ ያኔ ነበሩ። ይህን ሳልናገር አራቱን ቀን ስለ ሊቨርፑል ብቻ ባወራ፣ በሩ አጠገብ ለተቀመጠው ልጅ ምንም አልነገርኩትም ማለት ነው።

የመጨረሻው የቤት ሥራ ይህ ነው። አያት ወይም ሽማግሌ ጎረቤት ጠይቁ። «በልጅነትዎ ቤታችሁ ወይም ሰፈራችሁ በባርነት የተያዘ ሰው እንደነበር ሰምተዋል? ስሙ ማን ነበር?» ልጆቹን አስጠንቅቁ፤ የሚቆጣ አለ፣ የሚያለቅስም አለ። አልናገርም ካሉ አመስግኖ መተው ነው። የተጻፈውን ክፍል ውስጥ አታስነብቡ፤ እናንተ ብቻ አንብባችሁ መልሱ።

ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ ግማሽ ገጽ ጽፋ መጣች። አያቷ እንደነገሯት፣ በእናታቸው ቤት አንዲት ሴት ነበረች። ውኃ የምትቀዳው፣ እህል የምትፈጨው፣ አያቷንም አዝላ ያሳደገቻቸው እሷ ናት። ሁሉም «አንቺ» እያለ ነበር የሚጠራት። አያቷ ስሟን አያውቁም። ልጅቷ «ቲቸር፣ ስም የሚለው ላይ ምን ልጻፍ?» አለችኝ። ቦታውን ተዪው አልኳት። ማስመሪያ አውጥታ በእርሳስ አራት ማዕዘን ሠራችና ውስጡን ባዶ አድርጋ ደብተሩን ሰጠችኝ።